ጨው ውኃ ውስጥ ገብቶ የት ይደርሳል?

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ከአንድ ማንቆርቆሪያ ሦስት ብርጭቆ ጥቁር ሻይ ቀድቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። የመጀመሪያውን እንዳለ ተውኩት። በሁለተኛው ላይ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ጨመቅሁበት። በሦስተኛው ላይ በማንኪያ ጫፍ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስኩበት። ሎሚ የነካው ሻይ ወዲያው ፈዘዘ፤ ጥቁር ቡናማ የነበረው የማር ቀለም ያዘ። ሶዳ የነካው ደግሞ ይባስ ጠቆረ። ጥቂት ጠብታ ሎሚ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ሻይ አያቀጥንም፤ ቁንጥር ሶዳም ሻይ አያጠቁርም፤ ራሱ ነጭ ነውና። ታዲያ ቀለሙን ማን ቀየረው?

በየሻይ ቤቱ በየቀኑ የሚታየው ይህ ለውጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያዘለ ነው። ሎሚን፣ ኮምጣጤንና የእንጀራ እርሾን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ሁሉም ይኮመጥጣሉ፤ ኮምጣጣነት ራሱ ግን ምንድን ነው? ሰዎች ጥያቄውን በሙከራ መመርመር ከጀመሩ በኋላ እንኳን አጥጋቢ መልስ እስኪገኝ ከ200 ዓመት በላይ ወስዷል። መልሱም የተገኘው ማንም ባልጠበቀው በኩል ነው። ሎሚ በመመርመር አልመጣም፤ ተራ ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል ብሎ በመጠየቅ መጣ።

ከምላስ ወደ ቀለም

ለብዙ ዘመናት አሲድን የሚለየው ምላስ ነበር። «አሲድ» የሚለው ስም ራሱ «ኮምጣጣ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። የአሲድን ተቃራኒ ደግሞ ሰዎች የሚያውቁት ከአመድ ነበር። አመድ በውኃ በጥብጦ፣ አጥልሎ የሚገኘው ፈሳሽ እጅ ላይ ያሟልጫል፣ ቅባት ያስለቅቃል፣ ከስብ ጋር ሲፈላ ሳሙና ይወጣዋል። «አልካሊ» የሚለው ቃልም ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ከተቃጠለ ተክል ከሚገኝ አመድ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት «ቤዝ» የምንለው የዚህ ወገን ነው።

ምላስ ግን ታማኝ መሣሪያ አይደለም። የአንዱ ምላስ ከሌላው ይለያል፤ ከዚያም በላይ በቤተ ሙከራ ያለውን ሁሉ መቅመስ ሕይወት ያስከፍላል። አየርላንድ የተወለደው ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1664 ስለ ቀለሞች ባሳተመው መጽሐፉ የተሻለ መንገድ አሳየ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ከቫዮሌት አበባ የሚዘጋጅ ሰማያዊ ሽሮፕ በመድኃኒትነት ይሸጥ ነበር። ቦይል ሽሮፑን ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረገና ሁለት ሦስት ጠብታ ኮምጣጤ ጨመረበት። ሰማያዊው ቀላ። በሌላ ጠብታ ላይ የአመድ አልካሊ ሲጨምር ደግሞ አረንጓዴ ሆነ። 

ሙከራው ቀላል ነው፤ ያመጣው ለውጥ ግን ትልቅ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ «ይህ አሲድ ነው» ለማለት መቅመስ አላስፈለገም። ማንም ሰው የትም ሆኖ ያንኑ ጠብታ ጨምሮ ያንኑ ቀለም ማየት ይችላል። በትምህርት ቤት የምናውቀው የሊትመስ ወረቀት የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ሎሚ የሚያፈዝዘው ሻይም እንዲሁ። ይሁንና ቀለም አሲድ መኖሩን ይናገራል እንጂ አሲድ ምን እንደሆነ አይናገርም።

ስሕተት ስም ሆኖ ሲቀር

ምን እንደሆነ ለመናገር የደፈረው ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚዬ ነበር። ድኝ፣ ፎስፈረስና ከሰል ሲያቃጥል ከአየር ውስጥ አንድ ጋዝ ይወስዳሉ። ከቃጠሎው የሚወጣው ነገር ውኃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አሲድ ይሆናል። ላቯዚዬ ይህን ደጋግሞ አየና ያ ጋዝ የአሲድ ሁሉ አባት ነው ብሎ ደመደመ። ስም ሲያወጣለትም ከግሪክኛ ወስዶ «አሲድ ወላጅ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው፤ ኦክስጅን።

ላቯዚዬ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ ግንቦት 8 ቀን 1794 ፓሪስ ውስጥ አንገቱን ተቀልቶ ሞተ። አሳቡ ግን ከእርሱ በኋላም ለዓመታት ገዝቶ ኖረ። የጎደለው አንድ ትልቅ ማስረጃ ነበር። ከጨው የሚሠራው ብርቱ አሲድ፣ ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የምንለው፣ ውስጡ ኦክስጅን ተደብቆ መገኘት ነበረበት።

እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ያን ኦክስጅን ለማውጣት ተነሣ። ከዚህ አሲድ የሚገኘውን አረንጓዴ ቢጫ ጋዝ በባትሪ ኃይል በጋለ ከሰል ፈተነው። ኦክስጅን ቢኖርበት ኖሮ ከሰሉ በወሰደው ነበር። ምንም አልወጣም። ዴቪ በ1810 ጋዙ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን አስታወቀ፤ ከቀለሙ ተነሥቶም ክሎሪን አለው። አሲዱ ውስጥ ያሉት ሃይድሮጅንና ክሎሪን ብቻ ናቸው። «አሲድ ወላጅ» የተባለው ኦክስጅን የሌለበት ብርቱ አሲድ ተገኘ ማለት ነው።

አሳቡ ወደቀ፤ ስሙ ግን ቀረ። ዛሬም በእያንዳንዱ ሆስፒታል የኦክስጅን ሲሊንደር ላይ የላቯዚዬ ስሕተት ተጽፎ ይገኛል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ላቯዚዬ ግምቱን ሊፈተን በሚችል መንገድ ስላስቀመጠው ነው ዴቪ ሊያፈርሰው የቻለው። በ1838 ጀርመናዊው ዩስቱስ ሊቢግ ቀጣዩን እርምጃ ሄደ፤ አሲድ ማለት በብረት ሊተካ የሚችል ሃይድሮጅን የያዘ ነገር ነው አለ። ጣቱ በትክክለኛው ንጥረ ነገር ላይ አረፈ። ነገር ግን ስኳርም ሃይድሮጅን አለው፤ አልኮልም አለው። እነርሱ ለምን አይኮመጥጡም?

ኤሌክትሪክና የጨው ውኃ

እዚህ ላይ ታሪኩ አቅጣጫ ይለውጣል። ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ንጹሕ ውኃም ከቁጥር የሚገባ ያህል አያስተላልፍም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን በደንብ ያስተላልፋሉ። ስኳር ውኃ ውስጥ ቢገባ ይህ አይሆንም። እንደ ጨው ሁሉ አሲዶችና ቤዞችም ያስተላልፋሉ።

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1834 እንዲህ ባለው ብጥብጥ ውስጥ ኤሌክትሪክ ተሸክመው የሚጓዙትን ቅንጣቶች «አዮን» አላቸው፤ በግሪክኛ «ሂያጅ» እንደ ማለት ነው። የዘመኑ ሰዎች እነዚህ ሂያጆች የሚፈጠሩት ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ነው፣ ጨውን የሚገነጣጥለው ኤሌክትሪኩ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እምነቱ ጤናማ ይመስላል። ጨውን በባዶ እጅ ለሁለት የከፈለ ማን አለ?

ስቫንቴ አሬኒየስ የተወለደው በ1859 በስዊድን፣ ከኡፕሳላ ከተማ አቅራቢያ ነው። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በ1881 ግን ስቶክሆልም ወደሚገኘው የሳይንስ አካዳሚ ሄዶ በፊዚክስ ሊቁ በኤሪክ ኤድሉንድ ሥር መሥራት ጀመረ። ሥራው ለሚያየው አሰልቺ ነበር። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሁለት የብረታ ብረት ሰሌዳዎች ይቆማሉ፤ የጨው፣ የአሲድ ወይም የቤዝ ብጥብጥ ይሞላበታል፤ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ ይለካል። ከዚያ ውኃ ይጨመርና እንደገና ይለካል። ደግሞ ውኃ፣ ደግሞ ልኬት። ብጥብጡ ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ፣ መዝገቡ ከገጽ ወደ ገጽ እየተሞላ ይሄዳል።

ከቁጥሮቹ አንድ እንግዳ ነገር ብቅ አለ። ብጥብጡ በቀጠነ መጠን በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቅንጣት የተሻለ አስተላላፊ ይሆናል። ጠንካራ በሆኑት አሲዶች ላይ ለውጡ ትንሽ ነው፤ በኮምጣጤ አሲድና በአሞኒያ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። ውኃ ራሱ ካላስተላለፈ ውኃ መጨመር እንዴት ሊያግዝ ይችላል?

አሬኒየስ በኋላ እንደተረከው መልሱ የመጣለት በ1883 ግንቦት 17 ሌሊት ነው፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳያሰላስል እንቅልፍ አልወሰደውም። በብጥብጥ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ገሚሶቹ ንቁ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። ገሚሶቹ ፈዛዛ ናቸው። ውኃ ሲጨመር ፈዛዞቹ እየነቁ ይሄዳሉ። በጠባብ ደጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙ ሰዎች ዕቃ ሊያመላልሱ አይችሉም፤ ቦታው ሲሰፋና እጃቸውን ሲላቀቁ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። ከዚህም አልፎ አንድ ነገር አስተዋለ። በኤሌክትሪክ ንቁ የሆኑት አሲዶች በኬሚስትሪ ሥራቸውም ብርቱዎቹ ናቸው።

የተናቀው ወረቀት

አሬኒየስ ይህን አሳብ ይዞ ወደ ኡፕሳላው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ወደ ፔር ቴዎዶር ክሌቭ ሄደ። ክሌቭ ተራ ሰው አልነበረም፤ ከአራት ዓመት በፊት ሆልሚየምና ቱሊየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ያገኘ ሊቅ ነው። አሬኒየስ እንደሚያስታውሰው አዲስ ንድፈ ሐሳብ እንዳለው ሲነግረው ፕሮፌሰሩ በትሕትና አዳምጦ በአጭሩ አሰናበተው።

በ1884 አሬኒየስ የዶክትሬት ጥናቱን ለኡፕሳላ አቀረበ። 150 ገጽ ያህል ነበር። የተሰጠው ውጤት አሳልፎታል፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማስተማር የማያበቃ ዝቅተኛ ማዕረግ ነበር። ለአንድ የ25 ዓመት ተመራማሪ ይህ በር ሲዘጋ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ለክሌቭና ለጓደኞቹ ፍትሕ እንስጣቸው። አሳቡ ወደ መጨረሻ ድምዳሜው ሲደርስ የሚለው ይህን ነው፦ የገበታ ጨው ውኃ ውስጥ በገባበት ቅጽበት፣ ኤሌክትሪክ ሳይነካው፣ ሶዲየምና ክሎሪን ሆኖ ይለያያል። ሶዲየም ምንድን ነው? ውኃ ሲነካ የሚንጫጫ፣ የሚፈነዳ ብረት ነው። ክሎሪንስ? ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ጋዝ ነው። ጨው በውኃ በጥብጠን ስንቀምስ ፍንዳታ የለም፤ የሚያፍን ጋዝም የለም። የዘመኑ ኬሚስት «ታዲያ የት ሄዱ?» ብሎ መጠየቁ ሞኝነት አልነበረም። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

መልሱ ያለው «አዮን» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ውኃ ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም ብረቱ አይደለም፤ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመ አዮን ነው። ክሎሪኑም ጋዙ አይደለም፤ አሉታዊ ሙል የተሸከመ ነው። ይህ ሙል ጠባያቸውን ፈጽሞ ለውጦታል። ነገር ግን ይህን በ1884 በዓይን ለማሳየት መንገድ አልነበረም፤ ኤሌክትሮን እንኳን የታወቀው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። በቃል መከራከር የትም አያደርስም። ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ሁለት መንገድ፣ አንድ ቁጥር

አሬኒየስ ጥናቱን ለውጭ ሊቃውንት ላከ። አንዱ ቅጂ ሪጋ ከተማ ለሚያስተምረው ለቪልሄልም ኦስትቫልድ ደረሰ። ኦስትቫልድ በኋላ እንደጻፈው በ1884 ሰኔ በአንድ ቀን ሦስት ነገር አገኘ፦ ብርቱ የጥርስ ሕመም፣ የተወለደች ሴት ልጅ፣ የአሬኒየስ ጥናት። እንቅልፍ የነሣው ሦስተኛው ነው።

ምክንያት ነበረው። ኦስትቫልድ ለዓመታት የአሲዶችን ብርታት ሲለካ ቆይቷል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነበር። አሲዶች አንዳንድ የኬሚካል ለውጦችን ያፋጥናሉ፤ ስኳርን በአሲድ መበተን አንዱ ነው። ኦስትቫልድ እያንዳንዱ አሲድ ለውጡን ምን ያህል እንደሚያፋጥን ለክቶ አሲዶቹን ከብርቱ እስከ ደካማ በተራ ደርድሯል። አሁን በእጁ በያዘው ጥናት አንድ የማያውቀው ስዊድናዊ ፍጥነትን ትቶ ኤሌክትሪክን ለክቶ ያንኑ ተራ አግኝቷል። ሁለት ሰዎች፣ ሳይተዋወቁ፣ በሁለት አገር፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ ወደ አንድ ዝርዝር ደረሱ። ኦስትቫልድ በዚያው ክረምት ባሕር ተሻግሮ ኡፕሳላ ድረስ ሊያየው መጣ። ዩኒቨርሲቲውም ብዙ ሳይቆይ ለአሬኒየስ የመምህርነት ቦታ ሰጠው።

ሁለተኛው ምስክር ከበረዶ መጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ራውል ውኃ ውስጥ የተለያዩ ነገሮችን እያሟሟ በረዶ ሆኖ የሚረጋበትን ሙቀት፣ መርጊያውን፣ ይለካ ነበር። ንጹሕ ውኃ የሚረጋው በ0 ዲግሪ ነው፤ የሚሟሟ ነገር ሲገባበት ከዚያ በታች ይወርዳል። የሚወርድበት መጠን የሚወሰነው በገባው ነገር ዓይነት ሳይሆን በቅንጣቶቹ ብዛት ነው። 34.2 ግራም ስኳር በአንድ ኪሎ ውኃ ቢሟሟ መርጊያው 0.19 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። 5.85 ግራም ጨው የያዘው የሶዲየምና የክሎሪን ጥንድ በቁጥር ከዚያ ስኳር ቅንጣቶች ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ እኩል ሊያወርድ ይገባው ነበር። የሚያወርደው ግን 0.35 ገደማ ነው፤ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል። እንደ ካልሲየም ክሎራይድ ያሉት፣ ሦስት ክፍል ያላቸው ጨዎች ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋሉ።

ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ብጥብጦች የሚገዙበትን ሕግ ሲያወጣ ይህ ነገር አስቸገረው። ስኳርና መሰሎቹ ለሕጉ ይታዘዛሉ፤ ጨው፣ አሲድና ቤዝ ግን እምቢ ይላሉ። ለእነርሱ አንድ ማስተካከያ ቁጥር አበጀ፤ ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን የሚገልጽበት ምክንያት አልነበረውም።

አሬኒየስ ያን ሥራ ሲያነብ እምቢ ያሉትን አወቃቸው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት እነርሱ ራሳቸው ናቸው! ጨው ከስኳር እጥፍ የሚጠጋ የሚያወርደው ቅንጣቶቹ እጥፍ ስለሆኑ ነው፤ አንዱ ጥንድ ሁለት ሆኗል። መርጊያው ሲለካ ብጥብጡ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አልገባም፤ ስለዚህ የለያየው ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ውኃው ነው። ከኤሌክትሪክ ልኬት ምን ያህሉ ክፍል እንደተለያየ አሰላ፤ ከመርጊያው ልኬትም ያንኑ አሰላ። በብዙዎቹ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራረቡ። በ1887 ኦስትቫልድና ቫንት ሆፍ በመሠረቱት አዲስ መጽሔት ላይ አሳቡን ያለ ማመንታት አወጣው፦ ጨዎች፣ አሲዶችና ቤዞች ውኃ ውስጥ ወደ አዮን ይለያያሉ።

ኮምጣጣነት ትርጉም አገኘ

አሁን የሻዩ ጥያቄ ተመለሰ። አሲድ ማለት ውኃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን አዮን የሚለቅ ነው። ሎሚ ሻዩን ያፈዘዘው በዚህ አዮን ነው። ስኳር ሃይድሮጅን አለው፤ ነገር ግን አይለቅም፤ ስለዚህ አይኮመጥጥም። ቤዝ ማለት ደግሞ ከአንድ ኦክስጅንና ከአንድ ሃይድሮጅን የተሠራውን ሃይድሮክሳይድ አዮን የሚለቅ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ተያይዘው ውኃ ይሆናሉ። ኮምጣጣውና አሟላጩ ተገናኝተው የሚጠፋፉት ለዚህ ነው።

ይህ ትርጉም አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ፈታ። ብርቱ አሲድ ከብርቱ ቤዝ ጋር ሲቀላቀል ሙቀት ይወጣል። የሚገርመው አሲዱም ሆነ ቤዙ ቢቀያየር የሚወጣው ሙቀት ያው ነው፤ ለ18 ግራም አዲስ ውኃ 57 ኪሎጁል ገደማ። በአሬኒየስ ዓይን ሲታይ ግልጽ ነው። ሶዲየሙ፣ ፖታሲየሙ፣ ክሎሪኑ ሁሉ ቆመው ያያሉ፤ የሚሠራው ሥራ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ የውኃ መወለድ።

ብርቱና ደካማ የሚለውም ልዩነት ቁጥር አገኘ። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የአንድ ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) አንድ አሥረኛ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢገባ ሁሉም ማለት ይቻላል ሃይድሮጅኑን ይለቃል። በዚያው ልክ የኮምጣጤ አሲድ ቢገባ ከ100 ሞለኪውል የሚለቀው አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ኮምጣጤ ሰላጣ ላይ የምናፈሰው፣ ያኛውን ግን በጓንት የምንይዘው በዚህ ምክንያት ነው። የእንጀራ ሊጥ ኮምጣጣነትም ከዚህ ገር ወገን ነው፤ በእርሾው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያመርቱት ላክቲክ አሲድና መሰሎቹ ሃይድሮጅናቸውን የሚለቁት በቁጠባ ነው።

በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለአሬኒየስ ተሰጠ። ሽልማቱን የሚመረምረውን የኬሚስትሪ ኮሚቴ ይመራ የነበረው ክሌቭ ነው። ከ20 ዓመት በፊት በአጭሩ ያሰናበተውን ወጣት አሁን በዓለም ፊት አከበረው። ለማስረጃ መሸነፍን የመሰለ ክብር ለአንድ ሊቅ የለም።

ከቢራ ቤት የወጣው መስፈሪያ

ቀጣዩ ትዕይንት ኮፐንሃገን ውስጥ፣ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ ነው። የፋብሪካው መሥራች በዚያ የሚገኝ ጠቃሚ ውጤት እንዳይደበቅ ደንግጎ ነበር። የገበሬ ልጅ የሆነው ሶረን ሶረንሰን በዚያ የኬሚስትሪውን ክፍል ይመራል። የሚያጠናቸው ኢንዛይሞች፣ በሕያው አካል ውስጥ የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥኑት፣ በትንሽ የአሲድ ለውጥ ሥራቸው ይሰምራል ወይም ይበላሻል፤ ወሳኙ ደግሞ የገባው አሲድ ብዛት ሳይሆን የተለቀቀው የሃይድሮጅን አዮን መጠን ነው። ያ መጠን ግን ለአጻጻፍ የማይመች፣ ከነጥብ በኋላ ዜሮ የሚደረደርበት ቁጥር ነው። በ1909 ሶረንሰን ዜሮዎቹን የሚቆጥር አጭር መስፈሪያ አወጣ፦ ፒኤች።

ንጹሕ ውኃ 7 ነው። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። አንድ ደረጃ መውረድ ማለት አሥር እጥፍ መጨመር ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ነው፤ ደማችን ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ይጠበቃል። የስምጥ ሸለቆው ሻላ ሐይቅ ወደ 10 ይጠጋል። በአፋር ዳሎል ያሉት ቢጫና አረንጓዴ የፍል ውኃ ኩሬዎች ደግሞ ከ0 በታች ሲወርዱ ተለክተዋል። የዓለም ሊቃውንት ሕይወት እስከ ምን ድረስ ትችላለች ብለው ለመመርመር ወደዚያ የሚጓዙት ለዚህ ነው።

ታሪኩ ወደ ሎሚም ተመልሷል። በ1934 ካሊፎርኒያ ውስጥ በፍራፍሬ አምራቾች ዘንድ የሚሠራ ኬሚስት የሎሚ ጭማቂን አሲድ መለካት አቃተው። ጭማቂው እንዳይበላሽ የገባበት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የቀለሙን ወረቀት ያነጣዋል። ቦይል ካሳየው ከ270 ዓመት በኋላ ቀለም ከዳ። የኮሌጅ ጓደኛው አርኖልድ ቤክማን በመስታወት ኤሌክትሮድና በቫክዩም ቱቦ ማጉያ የሚሠራ መሣሪያ ሠራለት። ዛሬ በየቤተ ሙከራው ያለው የፒኤች መለኪያ የዚያ ዘር ነው።

አሬኒየስ ያልደረሰበትም ነበር። አሞኒያ ሃይድሮክሳይድ የለውም፤ ሆኖም ቤዝ ነው። በ1923 ዮሐንስ ብሮንስቴድ በዴንማርክ፣ ቶማስ ላውሪ በእንግሊዝ፣ ለየብቻቸው፣ አሲድ ሃይድሮጅን አዮን ሰጪ ነው፣ ቤዝም ተቀባይ ነው ብለው ትርጉሙን አሰፉት። እንደገና ሁለት መንገድ፣ አንድ መድረሻ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1913 የፊዚክስ ሊቁ ሎውረንስ ብራግ የጨውን ክሪስታል በኤክስሬይ ሲመረምር ውስጡ የተጣመረ ሞለኪውል አላገኘም፤ ሶዲየሙና ክሎሪኑ እየተፈራረቁ ተደርድረው ነበር። ስለዚህ ከአፋር በግመል የሚወጣው አሞሌ ጨው ደርቆ ድንጋይ በመሰለበት ጊዜም በአዮን የተሠራ ነው። ውኃ የሚያደርገው ሰልፉን መፍታት ብቻ ነው።

አፈርና ልኬት

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር ቤተ ሙከራ ተዘግቶ የቀረ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ የአሲዳማነት ችግር እንዳለበት የግብርና ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውኃው ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ለዘመናት እያጠበ ይወስዳል፤ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይቀራሉ። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥርን ይጎዳል፤ ፎስፈረስም ይታሰራል። ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ገብሱ ግን ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው፤ ኖራ ቤዝ ነውና። ምን ያህል እንደሚበተን የሚታወቀው ግን አፈሩ ሲለካ ብቻ ነው። አፈር በምላስ አይታወቅም፤ በቀለሙም አያስታውቅም።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር አለ። የክሌቭና የጓደኞቹ «ታዲያ የት ሄዱ?» የሚለው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው። የምታስተምሩ ሁሉ፣ አንድ ቀን አንድ ተማሪ የማይመስል አሳብ ይዞ ይመጣባችኋል። አታሰናብቱት፤ እንዲያው በጭብጨባም አትቀበሉት። «በምን ለካኸው? በሌላስ መንገድ ብትለካው ያው ይመጣልን?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ስሙት፤ ከሌለው አብራችሁት ለኩ።